«እሺ» ማለት ገብቶኛል ማለት አይደለም፦ ቋንቋ በማይገናኝበት ሳይት ላይ እንዴት ይሠራል?

ካዛንቺስ ያለ አንድ ሳይት ላይ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። የኮለን (የምሰሶ) ፌሮ፣ ማለትም ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባው ብረት፣ እየታሰረ ነበር። ፌሮውን ዙሪያውን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት ስታፋ ይባላል። አጠገቤ ለቆመው ልጅ «ስታፋውን ጫፉ ላይ በየአሥሩ፣ መሀል ላይ በየሃያው እሰር» አልኩት። «እሺ ኢንጂነር» አለኝ፤ ፈጠን ብሎ፣ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ። እኔም ወደ ሌላው ጥግ ሄድኩ።

ስመለስ ልጁ ጨርሶ ቆሞ ይጠብቀኛል። ታች አሥር ስታፋ ተደራርቦ ታስሯል። መሀል ላይ ሃያ ስታፋ ተጠጋግቶ ታስሯል። የቀረው ፌሮ ባዶውን ቆሟል። ልጁ በጣቱ እየነካ ቆጠረልኝ። አሥር። ሃያ። ቁጥሩ ልክ ነው። ከወላይታ ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። «አሥር»ን ያውቃል፣ «ሃያ»ንም ያውቃል። «በየ» የምትለዋን ትንሽ ቃል ግን አያውቃትም፤ እኔ በስታፋና በስታፋ መሀል አሥር ወይም ሃያ ሳንቲሜትር ይሁን ማለቴ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። እሱ የሰማውን ነው የሠራው። ከሰዓት በኋላ ፎርምዎርኩ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት የጣውላ ሳጥን) ሊዘጋ ስለነበር፣ በአጋጣሚ ባልመለስ ኖሮ ኮንክሪት ይፈስበትና ማንም ሳያየው ይቀር ነበር፤ ከዚያ ደግሞ በዚያ ኮለን ላይ ስንት ፎቅ፣ ስንት ቤተሰብ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ቀን ወዲህ «እሺ»ን እንደ ማረጋገጫ መቁጠር ተውኩ። ቀጥሎ ያለው ከዚያ በኋላ በፒያሳ፣ በሜክሲኮና በለገሃር ሳይቶች ላይ እየሞከርኩ ያቆየሁት አሠራር ነው። ፎርማን ለሆናችሁ፣ ለጀማሪ ሳይት ኢንጂነሮች፣ ቤት ለሚያሠሩም ይሆናል።

መጀመሪያ፦ ማን ምን እንደሚሰማ እወቁ

መሀል አዲስ አበባ ያለ ማንኛውም ሳይት ላይ ጠዋት ቆማችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ግንበኞቹ ወላይትኛ ወይም ጋሞኛ ያወራሉ። አሸዋ የሚያወርዱት ኦሮምኛ። እዚያ ጥግ ከምባትኛ፣ ሀዲይኛ፣ ጉራጊኛ ትሰማላችሁ። ክሬኑ ወይም ፓምፑ ጋ ቻይናዊ ኦፕሬተር ሊኖር ይችላል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው 209 ሜትሩ የንግድ ባንክ ሕንፃም፣ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽም በቻይና ተቋራጭ ነው የተሠሩት፤ ስለዚህ ከቻይናውያን ጋር ትከሻ ለትከሻ መሥራት ለከተማችን ሠራተኛ አዲስ ነገር አይደለም።

አዲስ ሰው ሲመጣ ሁለት ደቂቃ ስጡት። አንድ ደብተር ያዙና ስሙን፣ የሚቀለውን ቋንቋና ሌላ የሚሰማውን ቋንቋ ጻፉ። አጠያየቃችሁን አደራ። «ብሔርህ ምንድን ነው?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ይህ ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ ሰውን ያስደነግጣል፣ ለሥራውም አይጠቅማችሁም። «የትኛው ቋንቋ ይቀልሃል?» በቂ ነው። አንዳንድ ቦታ ሰውን በቋንቋው ለይቶ ቆቡ ላይ ቀለም የሚለጥፍ አይቻለሁ፤ እኔ በፍጹም አልመክርም። ምልክት የሚደረግለት አስተርጓሚው ብቻ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ማንበብ ይችል እንደሆነ በሰው ፊት አትጠይቁ። ሜትር ስጡትና «እስኪ 35 አሳየኝ» በሉት። ካሳያችሁ ቁጥር ያነባል። ካላሳያችሁ ማንም ሳይሰማ አወቃችሁ ማለት ነው፤ ለእሱ የሚሆነው አሠራር ከታች አለ።

ሁለተኛ፦ ለአንድ ዕቃ አንድ ስም

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጣላው ግን ይሄ ነው። አማርኛ ለአማርኛ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች እንኳ ሳይት ላይ ላይግባቡ ይችላሉ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ልጅ «ስላብ»፣ «ስቲረፕ»፣ «ሞርታር» ይላል። ሃያ ዓመት የሠራው ጋሼ ደግሞ «ሶሌታ»፣ «ስታፋ»፣ «ማልታ» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ስለ ፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ ስለ ብረት ቀለበቱና ስለ ሲሚንቶና አሸዋ ድብልቁ ነው። መሀላቸው የቆመው የቀን ሠራተኛ ግን ስድስት የተለያዩ ዕቃዎች የተጠሩ ይመስለዋል።

ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ማልታ፣ ባሬላ፣ ብሎኬት። እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ካዛንቺስ ራሱ ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ስም ነው የወጣው። ቃላቱ የመጡት በወረራ ነው፤ ዛሬ ግን ከሶዶ የመጣውም፣ ከአምቦ የመጣውም፣ ከደብረ ብርሃን የመጣውም ሠራተኛ ሳይት ላይ እኩል የሚማራቸው የሙያ ቃላት ናቸው። የማንም የአፍ መፍቻ አይደሉም፣ ለማንም አያዳሉም። ስለዚህ የእኔ ምክር ኢንጂነሩ ወደ ሠራተኛው ቃል ይምጣ ነው። አንድ ምሩቅ በሳምንት ውስጥ አሥራ አምስት ቃል መልመድ አያቅተውም። ድሮዊንጉ (የሥራው ፕላን) ላይ የተጻፈው እንደተጻፈ ይቆይ፤ አፍ ላይ ግን «ስታፋ» ይባል።

ፎርማኑን፣ ካቦዎቹን (የሠራተኛ ቡድን አለቆቹን) እና ኢንጂነሮቹን ሰብስቡና ሠላሳ ያህል ቃል ምረጡ። መሣሪያ፣ ዕቃ፣ የሕንፃ ክፍል፣ ድርጊት። ስትስማሙ ከዚያ ውጭ ያለውን ቃል እናንተ ራሳችሁ አትጥሩ። አለቃው ካልጠበቀው ማንም አይጠብቀውም።

ሦስተኛ፦ የናሙና ሰሌዳ

ዕቃውን ራሱን አሳዩ። ከተረፈ ፕላይውድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቁረጡና መግቢያው አጠገብ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ ስቀሉ። በላዩ ላይ እውነተኛውን ዕቃ በማሰሪያ ሽቦ እሰሩ፤ ፎቶ አይደለም። ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12፣ ባለ 14፣ ባለ 16 ፌሮ (ቁጥሩ ውፍረቱ በሚሊሜትር ነው)፣ እያንዳንዱ አንድ ክንድ ያህል። ከሥሩ ቁጥሩ በትልቁ። ቀጥሎ ትክክለኛ ስታፋ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። አጠገቡ ደግሞ ስህተት የሆነው ስታፋ፣ በቀይ ቀለም የተሰረዘ። በትንሽ በትንሽ ማሰሮ በመጠናቸው የሚለዩት ሦስቱ ጠጠሮች፣ 00፣ 01፣ 02።

የፌሮውን ጫፍ ቀለም ቀቡት። ባለ 10 ቢጫ፣ ባለ 12 ሰማያዊ፣ ባለ 14 ቀይ እንደማለት። ግቢ ውስጥ የተከመረውንም ፌሮ ጫፉን በዚያው ቀለም ቀቡት። ባለ 10 እና ባለ 12 ፌሮ ለጀማሪ ዓይን አንድ ናቸው፣ በተለይ ከተደባለቀ ክምር ላይ ሲመዘዝ። ቀለም ከተቀባ ግን «ሰማያዊ አምጣ» ማለት ይበቃል፤ እሱም ካልተሰማ ሰሌዳው ላይ በጣት መንካት ይበቃል።

አንድ ሳይት ላይ ይህን ሰሌዳ ከሰቀልኩ በኋላ ያየሁት ነገር ደስ ብሎኛል። ባሬላ የሚሸከሙ ሴቶች ምሳ ሰዓት ላይ ቆመው አንዷ ለሌላዋ ስሙን እየጠራች ታስጠናት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አንደኛዋ ፌሮ ማሰር ጀመረች። የቀን ክፍያዋም ጨመረ።

አራተኛ፦ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። ሳይት ላይ ገንዘብም ሕንፃም የሚያበላሸው የቁጥር ስህተት ነው።

ድሮዊንጉ በሚሊሜትር ይጽፋል፣ አፋችን በሳንቲሜትር ይናገራል። ወረቀቱ 200 ይላል፣ ፎርማኑ «ሃያ» ይላል፣ ቻይናዊው ካልኩሌተር ላይ 200 ጽፎ ያሳያል። ለሁላችንም አንድ ነው፤ ለአዲሱ ልጅ ግን ሦስት የተለያየ ትእዛዝ ነው። አንድ መለኪያ ምረጡ። እኔ አፍ ላይ ሁልጊዜ ሳንቲ እንዲሆን አደርጋለሁ፣ «ሳንቲ» የምትለዋ ቃልም እንዳትቀር።

«አሥራ ሁለት»ን ተመልከቱ። የፌሮ ውፍረት አሥራ ሁለት አለ። አንድ ሙሉ ፌሮ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ብዛትም አሥራ ሁለት ሊሆን ይችላል። «አሥራ ሁለት አምጣ» ያለ ሰው ምን እንደሚመጣለት አያውቅም። ስለዚህ «ባለ 12»፣ «12 ሜትር»፣ «12 ፍሬ» በሉ፤ መቼም ቁጥሩን ብቻውን አትጥሩት። ሲሚንቶም እንደዚያው ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፣ ከረጢቱን «ኩንታል» ብሎ የሚጠራ ግን ሞልቷል። ድብልቅ ላይ ይህ ስህተት ሲሚንቶውን በግማሽ ይቀንሰዋል። «ከረጢት» በሉ።

ለድብልቅ ሥዕል ይሻላል። ድብልቁ 1 ለ 2 ለ 3 ከሆነ ሚክሰሩ አጠገብ አንድ ጣውላ ላይ አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር በቀለም ሣሉ። ውኃው በስንት ባልዲ እንደሆነም እንዲሁ። ሳጥኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። አካፋ ቆጥሮ መደባለቅ ይቅር፤ የእያንዳንዱ ሰው አካፋ ይለያያል።

ለስታፋ ያገኘሁት መፍትሔ ቀላል ነው። ከአጣና ወይም ከጣውላ ትርፍራፊ 10 ሳንቲ እና 20 ሳንቲ የሚሆኑ እንጨቶች ቆርጣችሁ አጭሩን ቀይ፣ ረጅሙን ነጭ ቀቡት። ለልጁ አጭሩን እንጨት በሁለት ስታፋ መሀል አስገብታችሁ አሳዩት። ሌላ ቃል አያስፈልግም። ኮለኑ ላይ ደግሞ ቀይ እንጨት የሚሠራበትን ርዝመት በቀይ፣ ነጩ የሚሠራበትን በነጭ ጠመኔ አስምሩለት። ያ የካዛንቺሱ ልጅ በዚህ መንገድ በማግሥቱ አራት ኮለን ያለ አንድ ስህተት አሰረ።

ከቻይናውያን ጋር የምትሠሩ ከሆነ የጣት ቆጠራቸውን ተማሩ። እስከ አምስት ከእኛ ጋር አንድ ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ እጅ ነው የሚቆጥሩት። ስድስትን አውራ ጣትና ትንሿን ጣት ዘርግተው ያሳያሉ። ስምንትን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ዘርግተው። እኛ ይህን «ሁለት» ብለን ነው የምናነበው! አሥርን አንዳንዱ በጭብጥ ያሳያል፣ አንዳንዱ ሁለቱን ሌባ ጣቶች አመሳቅሎ። ስምንት ከረጢት ሲባል ሁለት ከረጢት ይዞ የሄደ ሰው አይቻለሁ፤ ስድብም ደርሶበታል፣ ያለ ጥፋቱ። በድምፅም አራታቸውና አሥራቸው ለእኛ ጆሮ በጣም ይቀራረባሉ። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ቁጥር ሲሆን ይጻፍ። ጠመኔ በኪስ፣ ጣውላው ላይ፣ ፎርምዎርኩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ።

ሰዓትን ለብቻው ልናገር። የእኛ ሦስት ሰዓት ለውጭ ሰው ዘጠኝ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል ትላላችሁ። ሆኖም በመሀል ከተማ ከባድ መኪና በቀን እንደልቡ ስለማይገባ ሙሌት (ኮንክሪት ማፍሰስ) ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ይሄዳል፤ ችግሩ የሚመጣው ያኔ ነው። ለእኛ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ነው። ለእነሱ ግን በእኛ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ተቀይሯል። «ሐሙስ ሌሊት ስምንት ሰዓት» ብትሏቸው በእናንተ ልብ ሐሙስ ማታ ካለፈ በኋላ ያለው ሌሊት ነው፤ እነሱ ግን ከሐሙስ ንጋት በፊት ያለውን ሌሊት ይረዱና አንድ ቀን ቀድመው ይመጣሉ። መኪናው ኮንክሪት ይዞ መጥቶ ሰው ከሌለ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሁለቱንም ጻፉ፦ «ሐሙስ ማታ ለዓርብ አጥቢያ፣ ሌሊት 8:00፣ በፈረንጅ ዓርብ 2:00»። ቀንም ስትጽፉ ወሩን በስሙ ጻፉት። «5/3» የእኛ ኅዳር ይሁን የእነሱ መጋቢት ወይም ግንቦት አይታወቅም።

አምስተኛ፦ ትእዛዝ ስትሰጡ

በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ። «ያንን አንስተህ እዚያ አድርገህ ስትመለስ ደግሞ ቱንቢውን ይዘህ ና» አማርኛ ለሚያውቅም ይከብዳል። ቆራርጡት። ግሱን አስቀድማችሁ በምልክት አሳዩ፣ ዕቃውን ንኩ፣ ቦታውን በእጃችሁ አመልክቱ። አትጩኹ። ያልገባው ሰው ሲጮኽበት አይገባውም፤ ይፈራል፣ ከዚያ «እሺ» ይላል።

«ገባህ?» አትበሉ። መልሱ ሁልጊዜ «እሺ» ወይም «አዎ» ነው። ልጁ ውሸታም ስለሆነ አይደለም። አስተዳደጋችን ነው። ታላቅ ሲናገር «አልገባኝም» ማለት ድፍረት ይመስላል። ይሉኝታ አለ። ደግሞም የቀን ሠራተኛ ነው፤ «አልገባኝም» ካለ ነገ በር ላይ እንዳይመለስ ይፈራል። አገሩ ቤት የሚጠብቁት አሉ። ይህን ስትረዱ «ለምን አልጠየቀም?» ብላችሁ አትናደዱበትም።

በምትኩ «እስኪ የመጀመሪያዋን ሥራና አሳየኝ» በሉ። አንድ ስታፋ፣ አንድ ረድፍ ብሎኬት፣ አንድ ካሬ ልስን። ቆማችሁ እዩ። ልክ ከሆነ አመስግናችሁ ሂዱ። ልክ ካልሆነ ራሳችሁ ሠርታችሁ አሳዩትና እንደገና ይሥራ። ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ያንን ኮለን ፈትተን እንደገና ለማሰር ግን ለሁለት ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጅቶብናል።

በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ሲሆኑ ነገሩ ይለያል። ስልሳ ዓመት የሆናቸውን ግንበኛ በልጆች ፊት «አሳዩኝ» ማለት ማዋረድ ነው። «ጋሼ፣ የመጀመሪያዋን ረድፍ አብረን እናስይዝ» በሏቸው። ውኃ ልኩን እናንተ ያዙላቸው። እሳቸው ሲሠሩ እንደገባቸው ታያላችሁ፣ ብዙ ጊዜም እናንተ ትማራላችሁ።

«አልገባኝም» ያለ ሰው ሲኖር በሁሉም ፊት «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው የጠየቅከው» በሉ። የመጀመሪያው ሰው ላይ ከተቆጣችሁ ሁለተኛ አይመጣም።

ስድስተኛ፦ አስተርጓሚ ምረጡ፣ ክፈሉትም

እያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ አንድ ሰው አይጠፋም። እሱን ፈልጉት። የሚቻል ከሆነ ለአንድ ቋንቋ ሁለት ሰው ይኑር፣ አንዱ ሲቀር ሥራ እንዳይቆም። ካቦውን ባትመርጡ ይሻላል። ካቦው ሠራተኛውን የሚያመጣውም ክፍያውን የሚያካፍለውም እሱ ስለሆነ ሠራተኛው ቅሬታውን በእሱ አፍ አያስተላልፍም፤ ቅሬታ ብቻ ሳይሆን «ይሄ መወጣጫ ይወዛወዛል» የሚለውንም ላይናገር ይችላል።

ይህ ሰው ተጨማሪ ሥራ ነው የሚሠራው። በቀን ክፍያው ላይ ጨምሩለት፣ ትንሽም ቢሆን። ያለ ክፍያ ቀኑን ሙሉ ሲጠሩት ከሥራው ይዘገያል፣ ፎርማኑ ይቆጣዋል፣ ከዚያ ማስተርጎሙን ይሸሻል። ቆቡ ላይ አረንጓዴ ቴፕ አድርጉለት፣ ከሩቅ እንዲታይ።

ሁለት ነገር አስተምሩት። አንደኛ፣ አሳጥሮ እንዳያስተላልፍ። እናንተ አምስት ነገር ተናግራችሁ እሱ በሁለት ቃል ከጨረሰ የሆነ ነገር ቀርቷል። አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ቆዩለት። ሁለተኛ፣ ያልገባውን ከመገመት እናንተን እንዲጠይቅ። ከቻይናውያን ጋር ሲሆን ደግሞ አስተርጓሚው ቢሮ ነው የሚቀመጠው፣ ሥራው ያለው ሶሌታ ላይ ነው። ሙሌት ቀን ቢያንስ ላይ እንዲወጣ ጠይቁ።

ሰባተኛ፦ ለሕይወት የሚያስፈልጉ ቃላት

ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ይሄ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መኖር አለበት። «ቁም!»፣ «ተጠንቀቅ!»፣ «ከላይ!»፣ «ውረድ!»። አራት ቃል። በሳይታችሁ ባሉ ቋንቋዎች ሁሉ ሁሉም ሰው ይወቃቸው። ኦሮምኛ «ዻቢ» አቁም ነው፣ «ኦፍ ኤጊ» ተጠንቀቅ ነው። ለሌሎቹ ከባለ ቋንቋዎቹ ጠይቁ፦ «ወንድምህ ላይ ብሎኬት ሊወድቅ ሲል ምን ብለህ ትጮኻለህ?» በሏቸው። የሚጮኸው ቃል ከመደበኛው ቃል ይለያል፣ የምትፈልጉትም የሚጮኸውን ነው።

ቻይንኛ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ቲንግ» ማለት አቁም ነው። «ማን» ማለት ደግሞ ቀስ በል ነው። እስኪ አስቡት። ክሬን ሸክም እያወረደ ቻይናዊው «ማን! ማን!» እያለ ይጮኻል፣ የእኛ ልጆች ደግሞ ማን እንደተጠራ ለማየት እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ሸክሙ ከላይ እየመጣ። ይህን ቃል ከቻይናውያን ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ጠዋት መስማት አለበት።

ድምፅ ግን አይታመንም። ቪብሬተር እየሠራ፣ ሚክሰር እየዞረ፣ መንገዱ ላይ ጡሩምባ እየጮኸ ምንም ቃል አይሰማም። ስለዚህ የእጅ ምልክት። ክሬን ካለ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ የሚለይ ሰደርያ ይልበስ። ጣት ወደ ላይ ተቀስሮ ሲሽከረከር አንሳ፣ ጣት ወደ ታች ሆኖ ሲሽከረከር አውርድ፣ ክንድ ወደ ጎን ተዘርግቶ መዳፍ ወደ መሬት ሆኖ ሲወዛወዝ አቁም፣ ሁለቱም ክንድ ሲሆን በአስቸኳይ አቁም። ኦፕሬተሩ ሌላ ዓይነት ምልክት ከለመደ አስቀድማችሁ ተስማሙ። «አቁም»ን ግን ማንም ሰው መስጠት ይችላል፣ ውኃ የምታመላልሰዋ ልጅም ጭምር፤ ኦፕሬተሩም የማንንም «አቁም» ይቀበላል። ያለ ምክንያት ያስቆመ ሰው ቢኖር እንኳ አይሰደብም።

ምልክቶችን ስትሰቅሉ ቅርጽና ቀለሙን አስተምሩ። ቀይ ክብ ክልክል ነው፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አደጋ አለ፣ ሰማያዊ ክብ ግዴታ ነው፣ አረንጓዴ መውጫና የመጀመሪያ ርዳታ። ማንበብ ለማይችል ሰው የሚያድነው ይሄ ነው። ስልኮቹም በትልቅ ቁጥር ይጻፉ፦ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ከቁጥሩ ሥር የሳይቱን ቦታ በአማርኛ ጻፉ፣ ደዋዩ ሰፈሩን ላያውቀው ይችላልና። አጠገቡ የታወቀ ሕንፃ ወይም ቤተ ክርስቲያን ይጠቀስ።

አሠሪ ለሆናችሁ ደግሞ፣ ይህ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ሠራተኛው ሥራው ስላለው አደጋና ስለ መከላከያው ተገቢውን ትምህርትና ማሳሰቢያ እንዲያገኝ የማድረግ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል። በማይሰማው ቋንቋ ነግሮ ማስፈረም ማስተማር ነው ብዬ አላምንም።

ስምንተኛ፦ ስልክ

የጎግል ትርጉም አማርኛ አለው፣ ቻይንኛ አለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ኦሮምኛና ትግርኛም አለው። ለአጭር ነገር ይረዳል። የሙያ ቃል ግን ያበላሻል። የተተረጎመውን ገልብጣችሁ ወደ አማርኛ መልሱት፣ የማይመስል ነገር ከወጣ አትላኩት። ለአደጋና ለመለኪያ አትጠቀሙበት። ከዚያ የሚሻለው ቴሌግራም ላይ የድምፅ መልእክት ነው። አስተርጓሚው የነገውን ሥራ ማታ በቋንቋው ቀድቶ ይላክ፣ ከፎቶ ጋር፤ ፎቶው ላይ በጣታችሁ ክብ አድርጉበት። ስማርት ስልክ የሌለው ጓደኛው ስልክ ላይ ይሰማል።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አሥር ደቂቃ ሁሉም ሰው ይሰብሰብ። ክብ ሆናችሁ ቁሙ፣ ወረቀት አታንብቡ። ዛሬ ምን እንደሚሠራ፣ ዛሬ ምን አደገኛ እንደሆነ። አረንጓዴ ቴፕ ያላቸው በየቋንቋቸው ይድገሙት። ከዚያ ከመሀል አንድ ሰው መርጣችሁ «ዛሬ የማይረገጠው የት ነው?» በሉትና ሄዶ በጣቱ ያሳያችሁ።

እናንተም ጥቂት ቃል ተማሩ። ለወላይታ ልጅ ጠዋት «ሳሮ» ብላችሁ ሰላም በሉት፣ ሲጨርስ «ገላታይስ» በሉት፣ ፊቱን ታያላችሁ። እንደዚያ የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ቀን ሳይገባው ሲቀር ይጠይቃችኋል። ምሳ ሰዓት ላይ አብራችሁ ተቀመጡ፣ አንድ ቃል ጠይቁ።

ማታ ከመውጣታችሁ በፊት በዚያው ደብተር ላይ በዕለቱ ያላግባባውን ነገር ጻፉ። የትኛው ቃል፣ በማን መሀል፣ ምን ተበላሸ። ጥፋተኛ አትጻፉ፣ ቃሉን ጻፉ። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ከመጣ ወደ ናሙና ሰሌዳው ይውጣ። «በየ» እንዲህ ነው የወጣችው፤ ሁለት ስታፋ በቀዩ እንጨት ተለያይተው ታስረው፣ ከሥራቸው «በየ 10 ሳንቲ» ተብሎ።

ደግሞ አትርሱ፣ የቀን ሠራተኛ ይቀያየራል። ሰኞ ያስተማራችሁት ረቡዕ ላይኖር ይችላል። ረቡዕ የመጣውን አዲስ ሰው «ከጓደኞችህ እይ» ብላችሁ ወደ ሶሌታ አትላኩት። ደብተር፣ ሜትር፣ ሰሌዳ፣ አራቱ ቃላት። ሩብ ሰዓት ነው። ሙሌት ላይ ከሆናችሁና ጊዜ ከሌለ መሬት ላይ አሸዋ ያቀርብ፣ ወደ ላይ በማግሥቱ ይውጣ።